ጨንቻ በርቶ ሲቀላ የሚጠፋው መብራት

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወጣ ሰው፣ በ37 ኪሎ ሜትር መንገድ ውስጥ ከቆላ ወደ ደጋ፣ ከሙዝና ከማንጎ ጥላ ወደ እንሰትና ወደ ቀርከሃ፣ ከ1285 ሜትር ከፍታ ከ2700 ሜትር ወደሚበልጥ ከፍታ ስለሚሸጋገር፣ በግማሽ ቀን ሁለት አገር ያየ ይመስለዋል፤ ነገር ግን እርሱ ጋቢውን ተከናንቦ ለብርዱ ሲዘጋጅ፣ የተቀመጠባት መኪና ያንኑ ለውጥ በብረቷ፣ በዘይቷና በሽቦዋ ሁሉ እንደምትቀበለው፣ የተቀበለችውንም የምትናገርበት አንደበት በመሪው ፊት ለፊት የተደረደሩት ጥቃቅን መብራቶች ብቻ እንደሆኑ ብዙ ጊዜ አያስብም።

በርቶ የሚቆይ መብራት ማንንም አያከራክርም፤ ሹፌሩም ያየዋል፣ መካኒኩም ያየዋል፣ ባለቤቱም እያማረረ ቢሆን የተባለውን ከፍሎ ያሠራል። ነገር የሚከፋው መብራቱ በርቶ የጠፋ እንደሆነ ነው፤ ሰው ያስፈራው ነገር ከዓይኑ በተሰወረ ጊዜ ጨርሶ እንደ ተወገደ ለመቁጠር የሚቸኩል ፍጥረት ስለሆነ፣ ዳገት ላይ ‹‹እግዚኦ›› ያሰኘው ቀይ መብራት ሜዳ ላይ ሲጠፋለት ‹‹ተመስገን›› ብሎ ያልፋል። የእኔ አሳብ ከዚህ የተለየ ነው። በርቶ የሚቆየው መብራት ‹‹ታምሜያለሁ›› ብቻ ሲል፣ በርቶ የሚጠፋው ግን የት፣ መቼና በምን ጠባይ እንደሚታመም ጨምሮ የሚናገር ምስክር ነውና ከመጀመሪያው ይልቅ ሊደመጥ ይገባዋል እላለሁ፤ እኛ ግን ይህን ምስክር ቃሉን ሳንቀበል እናባርረዋለን፣ አንዳንዴም አፉን አስረን እናስቀምጠዋለን።

አፉን አስረን ማለቴ ለማጋነን አይደለም፤ ራሴ አድርጌዋለሁ። ጥቂት ዓመታት ሆኖታል፤ ዕድሜ የጠገበች ኮሮላ ይዤ ለለቅሶ ወደ ጨንቻ ስወጣ፣ ቀዩ የፍሬን መብራት መጠምዘዣው ላይ ብልጭ ይልና ቀጥታው ላይ ይጠፋ ጀመር። የእጅ ፍሬኑን ወደ ታች ብጫነው ለውጥ የለም። ለቅሶ ቤት ገብቶ ስለ መኪና መብራት መነጋገር ነውር ነውና ዝም አልኩ፤ ተመልሼ አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር በደረስኩ ጊዜም መብራቱ ከነትዝታው ስለጠፋ፣ ለሙት ዓመት ያንኑ ዳገት እስክወጣ ድረስ ጉዳዩን ረሳሁት። ያን ጊዜ እንደገና ቢበራብኝ ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ወጣቱ መካኒክ ቁልፉን ከፍቶ፣ ሞተሩን አስነሥቶ ቢጠብቅ መብራቱ አልታየውም። ‹‹ጋሼ፣ ሴንሰሩ ነው እንጂ ፍሬኑ ምንም አልሆነም›› አለና ከፍሬን ዘይቱ ዕቃ ላይ ያለውን ሶኬት ነቅሎ በናስትሮ ጠቀለለው። ከፈልኩ፤ ማመስገኔም አልቀረም።

ከወር በኋላ ለዲናሞ ቺንጋ ጉዳይ በዚያችው ከተማ ሴቻ ሰፈር ወደሚገኙ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ብሄድ፣ ኮፈኑን ከፍተው ገና ሳይጎነበሱ ዓይናቸው በዚያች ጥቅልል ላይ ዐረፈ።

‹‹ይችን ማን ነው የገነዛት?›› አሉኝ።

‹‹መብራቱ ያስቸግር ስለነበረ ነው፣ አባቴ።››

‹‹የት ላይ ነበር የሚያስቸግርዎ?››

‹‹ጨንቻ ዳገት።››

‹‹ሽቅብ ነው ቁልቁል? መጠምዘዣው ላይ ነው ቀጥታው ላይ? ሲነሡ ነው ከሞቀች በኋላ?››

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም። ስመልስላቸው ሽማግሌው አንዲት ብሎን ሳይነኩ ባትሪ አብርተው የፍሬን ዘይቱን ዕቃ ተመለከቱ፤ ዘይቱ ከታችኛው መስመር ላይ ወርዷል። እኔ የተገላገልኩ መስሎኝ ‹‹እንግዲያስ ይጨመርበታ!›› ብል፣ ‹‹ዘይት የሚጠጣ ፍሬን የለም፤ ወይ ፈሷል ወይ ወርዷል›› ብለው ክሪኩን አመጡና የፊቱን ጎማ ፈቱ። የፍሬኑ ሸራ ከጥፍር ውፍረት አይበልጥም ነበር።

ሸራው ባለቀ መጠን የሚገፋው ፒስተን እየራቀ ይወጣል፤ ፒስተኑ የተወውንም ስፍራ የሚሞላ ዘይት ከላይኛው ዕቃ እየወረደ ስለሚሄድ፣ በዕቃው ውስጥ ያለችው ተንሳፋፊ ከማስጠንቀቂያው አፋፍ ትደርሳለች። መንገዱ ሜዳ ሲሆን አፋፉ ላይ ቆማ ዝም ትላለች፤ መኪናዋ አፍንጫዋን ሽቅብ ባቀናች ወይም በመጠምዘዣ ወደ ጎን ባዘነበለች ጊዜ ግን ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ይሸሻል፣ ተንሳፋፊዋም ትወርዳለች፣ መብራቱም ይበራል። ሲቀላ ላይ መጥፋቱ የመንገዱ መስተካከል እንጂ የፍሬኑ ደኅንነት አልነበረም ማለት ነው። እኔም ያንን 1400 ሜትር ያህል ቁልቁለት፣ ጥፍር በምታህል ሸራ፣ ምስክሩን በናስትሮ ገንዤ፣ ልጆች ጭኜ እወርድ ኖሬአለሁ። ዘይቱን ብቻ ጨምሬ ብሄድ ኖሮም መብራቱ ይጠፋ ነበር፤ ሸራው ግን ማለቁን አይተውም።

የመጻሕፍት መምህራን አንዲቱን ቃል ሲተረጕሙ ‹‹አንድም፣ አንድም›› እያሉ ብዙ ምሥጢር እንደሚያወጡላት ሁሉ፣ የመኪና መብራትም የራሱ አንድምታ አለው። የሞተር ዘይት ቀይ መብራት ብልጭ ቢል፣ አንድም ዘይቱ ጎድሎ ነው፤ አንድም ዘይቱ አርጅቶ ሲግል ቀጥኖ ግፊቱ ወርዶ ነው፤ አንድም ፓምፑ ወይም የውስጥ ብረቱ ደክሞ ነው፤ አንድም የግፊቱ ሴንሰር ራሱ ተበላሽቶ ነው፤ አንድም ወደ ሴንሰሩ የሚሄደው ሽቦ ተልጦ የመኪናውን አካል ነክቶ ነው። ልዩነቱ፣ መምህሩ ሁሉንም ትርጓሜ ተቀብሎ ሲያስተምር መካኒኩ አንዱን ብቻ መምረጥ ስላለበት፣ የሚያስመርጠውም የመብራቱ መምጫ ሰዓት መሆኑ ነው፤ በመጠምዘዣና በድንገተኛ ፍሬን ላይ የሚበራው የመጠን መጉደልን፣ ሞተሩ ግሎ መኪናው ቆሞ ሳለ በርቶ ነዳጅ ሲረገጥ የሚጠፋው የግፊት ማነስን፣ ሙቀትና ቅዝቃዜ ሳይለይ ጉድጓድ በተመታ ቁጥር የሚበራው ደግሞ ሽቦን ያስጠረጥራል። በዚህ መብራት ላይ ግን ትርጓሜው የሚጀመረው ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ነው። የዘይቱ መብራት የሚለካው ግፊትን እንጂ የዘይቱን መጠን ስላይደለ፣ እርሱ በበራ ጊዜ ብረት ከብረት ጋር ሊፋጭ የቀረው ጥቂት ነውና፣ ‹‹እስከ ከተማ ልድረስ›› የሚል ሰው የሞተሩን ዋጋ በኪሎ ሜትር እየከፈለ ይጓዛል።

ቢጫው የሞተር መብራት ደግሞ ሌላ ሥርዓት አለው። በአሜሪካ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለገበያ የቀረበ አውቶሞቢል ሁሉ፣ ከሌላው ዓለምም ከዚያ ወዲህ የተሠራው አብዛኛው፣ ከመሪው በታች 16 ቀዳዳ ያለው ሶኬት ይዟል፤ በዚህም የሞተሩ ኮምፒውተር ያየውን ስሕተት በምልክት ቁጥር ያስነብባል። ይህ ኮምፒውተር እንደ ብልህ ዳኛ በአንድ ቃል አይፈርድም፤ አብዛኛውን ስሕተት በተከታታይ ሁለት ጉዞ ካላየ መብራቱን አያበራም፣ ካበራም በኋላ ሦስት ጉዞ ሕመሙ ካልታየው መብራቱን ያጠፋል። መብራቱን ያጠፋል እንጂ መዝገቡን አያጠፋም፤ ሞተሩ ቀዝቅዞ 40 ጊዜ እስኪሞቅ ድረስ የስሕተቱን ቁጥር ይዞ ይቆያል። (ቁጥሩ ከከተማችን ከአርባ ምንጭ ስም ጋር መገጣጠሙን እንደ ቀልድ የማነሣው፣ አንድ ሰው እንኳ እንዳይረሳው ብዬ ነው።) ከዚህም በላይ፣ ስሕተቱ በታየባት ቅጽበት መኪናዋ በምን ፍጥነት ትሄድ እንደነበረ፣ ሞተሩ ስንት ዲግሪ እንደሞቀ፣ ምን ያህል ጭነት እንደነበረበት አብሮ ያስቀምጣል፤ ዓይናችን ያላየውን ዳገት እርሱ አይቶ ጽፎታል ማለት ነው። ቶዮታዎች ከዚህ ሥርዓት በፊትም ይናገሩ ነበር፤ ሁለት የሶኬት ቀዳዳዎችን በሽቦ ያገናኘ መካኒክ የመብራቱን ብልጭታ እየቆጠረ፣ ሁለት ብልጭታ፣ ዕረፍት፣ እንደገና ሁለት ብልጭታ ካየ 22 ብሎ የውኃ ሙቀት ሴንሰሩን መሥመር ይመረምር ነበር።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የያዘ መዝገብ ባለበት፣ መብራት ለማጥፋት ብሎ መጀመሪያ የባትሪውን ቀለበት ነቅሎ መልሶ መግጠም፣ ወይም ማንበቢያውን ሰክቶ ቁጥሩን ሳይጽፉ ‹‹ደምስስ›› የሚለውን መጫን፣ ችሎት ከመቀመጡ በፊት የፍርድ ቤቱን መዝገብ እንደ ማቃጠል ነው። ልማዱ እንደ ዕውቀት ተቆጥሮ መከፈሉ ያሳዝነኛል። አንድ ነገር ግን ልለይ፤ ቢጫው የሞተር መብራት ቀስ ብሎ መጥቶ የሚሄድ ሳይሆን እየተጓዙ ሳያቋርጥ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ፣ በአንዱ ወይም በሌላው ሲሊንደር ውስጥ ነዳጅ ሳይቃጠል እያመለጠ የጭስ ማጽጃውን እያጋየ ነውና፣ ይህ ነገር ለመዝገብ ጊዜ አይሰጥም፤ እግርን ከነዳጅ ላይ አንሥቶ ዳር መያዝ ነው።

የከተማችንን ምንጮች የሚጎበኝ እንግዳ በጫካው ሥር ውኃው በብዙ አፍ ሲፈልቅ አይቶ የምንጩን ብዛት ያደንቃል፤ ውኃው ግን የሚመጣው ዝናሙን ከሚጠጡት ከላይኞቹ ተራሮች ነው። በዳሽቦርድ ላይ አራት አምስት መብራት ባንድ ጊዜ በርቶ ባንድ ጊዜ ሲጠፋ፣ ባለ መኪናው ‹‹ፍሬኑም፣ ኤር ባጉም፣ ኤቢኤሱም፣ መሪውም ተበላሸብኝ›› ብሎ ሲደነግጥ፣ እነዚያን ምንጮች ማሰብ ይጠቅመዋል። አምስት ሕመም በአንዲት ደቂቃ ተጠራርቶ አይመጣም፤ ሁሉን የሚያጠጣው ኤሌክትሪክ ከላይ ደርቋል እንጂ። ስለዚህ መጀመሪያ መመርመር ያለበት የባትሪው ቀለበት፣ የዲናሞው ቺንጋ፣ የዲናሞው ካርቦንና ማሳው፣ ማለት የባትሪውን ኔጌቲቭ ከሞተሩ ብረት ጋር የሚያገናኘው ሽቦ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ያረፈ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት መድረስ አለበት። ማሳውን ለመፈተን ግን የሽቦውን መኖር ማየት አይበቃም፤ ፓውዛውና ማራገቢያው እየሠራ፣ የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሁለተኛውን በሞተሩ ብረት ላይ አድርጎ መለካት ነው፤ ከ0.2 ቮልት እልፍ ያለ ነገር ካሳየ፣ በዝገትና በአቧራ የተሸፈነች አንዲት ብሎን አምስቱን መብራት ስታበራ ኖራለች። ይህችን ብሎን ፈትቶ በብርጭቆ ወረቀት አጽድቶ መልሶ ማጥበቅ የሚያስከፍለው የአንድ ሰው ላብ ብቻ ነው፤ እርሷን ሳያዩ የኤቢኤስ ኮምፒውተር ያስለወጡ ሰዎች ግን አውቃለሁ።

አገሩም ለዚህ በሽታ የተመቸ ነው። የቆላው ሙቀት የሶኬቱን ፕላስቲክ ያደርቃል፣ የደጋው ብርድ ያኮማትረዋል፤ ጠዋት ሲቀላ ተነሥቶ ቀትር ላይ ጨንቻ ጉም ውስጥ የሚገባ መኪና፣ በየቀኑ ብረቱ ሰፍቶ ስለሚጠብ፣ የላላች የሽቦ ጫፍ ወደ ደጋ ሲወጣ ተለያይታ ወደ ቆላ ሲወርድ ትገናኛለች። አየሩም ከታች እስከ ላይ ከስድስት እጅ አንዱን ያህል ስለሚሳሳ፣ ቆላ ላይ ደክሞም ቢሆን የሚለካ የአየር ሴንሰር ደጋ ላይ ሊሳሳት ይችላል። ላቫጆም አለ፤ ሞተሩን ‹‹ያብራልዎ›› ብለው በኃይለኛ ውኃ ሲመቱት ውኃው በሶኬቶች ውስጥ ተኝቶ ይቀራል፣ መብራቱም ታጥቦ በወጣ ማግሥት መጥቶ ፀሐይ ሲወጣ ይሄዳል። አይጥ ሽቦ መቁረጧን የማያምን ሰው ካለ፣ መኪናውን ለሁለት ሳምንት ከእህል ጎተራ አጠገብ አቁሞ ይመልከት። መሪው እስከ ጥግ ሲጠመዘዝ ብቻ የሚበራ የኤቢኤስ መብራት ደግሞ ወደ ፊት ጎማ የሚሄደው ሽቦ መወጠሩን በራሱ አፍ የሚናገር ነው።

በጋሞ ደጋ፣ በአንድ ቤት ላይ መከራ ሲደጋገም፣ ሽማግሎች ‹‹ጎሜ›› የሚሉት ነገር፣ ማለት የተጣሰ ነውር፣ እንዳለ ይጠረጥሩና ሰውየውን ምን እንዳደረገ፣ ማንን እንደበደለ ጠይቀው እስኪናዘዝ ይጠብቁታል። የጎሜን ነገር የሚያምንም የማያምንም ሰው፣ ከጥያቄው በፊት መድኃኒት ያለማዘዙን ሥርዓት ሊያደንቅ ይገባዋል። ጋራዦቻችን የሚጎድላቸው ይህ ትዕግሥት ይመስለኛል፤ ዕቃ መለዋወጥ ገንዘብ ያስገኛል፣ ጥያቄ መጠየቅ ግን እንደ ሥራ አይቆጠርም። ባለቤቱም ከጥፋቱ ነፃ አይደለም፤ ለተለወጠ ሴንሰር በደስታ ይከፍላል፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሽቦ በእጁ እያነቃነቀ መብራቱ የሚመጣበትን ስፍራ ፈልጎ ላገኘ መካኒክ ግን ‹‹ምን ለወጥክና?›› ይለዋል። ለምርመራ የሚከፈል ዋጋ ከዕቃው ተለይቶ ይታወቅ፣ ሰውም ይህን ዋጋ ሳያፍር ይጠይቅ፣ ሳይነጫነጭ ይክፈል የምለው ስለዚህ ነው።

ከዚህ የሚብሰው ግን ሲሸጡ መብራቱን መደበቅ ነው። ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ገና ሳይነሣ፣ የሞተሩም፣ የዘይቱም፣ የኤቢኤሱም፣ የኤር ባጉም መብራት ለጥቂት ጊዜ መብራት አለበት፤ የአምፖሉ ፈተና ነውና። አንዱ ጨርሶ ካልበራ፣ ወይ ተቃጥሏል፣ ወይ የሸጠው ሰው ነቅሎታል፤ በዚህ የሻጩ ምሕላ አያስፈልግም። በየዓመቱ ለቦሎ የሚደረገው ምርመራ ጎማውንና ፍሬኑን በሚያይበት ዓይን ይህችን የጥቂት ሰኮንድ ምልክት አጥብቆ ቢያይ፣ ብዙ የተገነዘ ምስክር አፉ ይፈታ ነበር። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ ያሉት ከእኛ ጋር የሚያረጁ ናቸው፤ ሲያረጁም በመጀመሪያ የሚደርቀው ሽቦአቸው ነውና፣ የሚበራና የሚጠፋ መብራት ከዛሬ ይልቅ ነገ ይበዛል።

‹‹ይህ ሁሉ ጊዜ ላለው ሰው ነው›› የሚል አይጠፋም። ሙዝ ጭኖ በሶዶ በኩል ሌሊቱን ወደ አዲስ አበባ የሚገሠግሥ የኤፍ ኤስ አር የጭነት መኪና ሹፌር፣ ጭነቱ የሚበስልበትን ሰዓት እየቆጠረ ሲነዳ፣ መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር ቆሞ ሊጽፍ አይችልም፤ እውነት ነው። ነገር ግን አጠገቡ ረዳት አለው፣ ረዳቱም ስልክ አለው፤ ‹‹ቀይ፣ ሁምቦ ዳገት፣ ሌሊት 8 ሰዓት፣ ዝናም›› ብሎ ለመጻፍ የሚፈጀው ጊዜ ሙዝ ከመላጥ ያንሳል። ጋራዥ ሲደርስ መካኒኩ ከዚያች መሥመር የሚጀምርና ከባዶ የሚጀምር እኩል አይደሉም።

እኔም ከሴቻው ሽማግሌ ወዲህ በጓንት ማስቀመጫው ውስጥ አንዲት ደብተር አኑሬአለሁ። የቅርቡ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ ‹‹ቢጫ፣ ኤቢኤስ። ከዶርዜ ቁልቁል፣ ዝናሙ ካባራ በኋላ። ወደ ግራ ስጠመዘዝ። ላቫጆ ትናንት። ሜዳው ላይ ጠፋ።›› ሽማግሌው አንብበው ‹‹ላቫጆ ባይኖርበት ኖሮ ሽቦ ነው እልዎ ነበር፤ ፀሐይ ጠጥታ አንድ ጊዜ ደግመው ይውጡባት›› ብለው መለሱልኝ፤ እሑድ እወጣለሁ።